ሸጊትን ሞጣ እንዳታደርሳት

ይስማው ደብዳቤውን ለሰባተኛ ጊዜ ያነበበው ከቢቸና በላይ፣ ቧንቧው ከምንጩ ወጥቶ ቁልቁል ጉዞ ከሚጀምርበት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስድስቴ አንብቦ ያልገባው ነገር በሰባተኛው ይገባኛል ብሎ ነበር። አልገባውም። ደብዳቤ እንደ ቧንቧ አይደለም፤ በመፍቻ ቢመቱት አይከፈትም።

«ይስማዬ፣ ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ ቶሎ ላክ። የባሕር ዳሩ ባለ ሆቴል ለልጁ ሊጠይቀኝ ጥምቀት እንዳለፈ እመጣለሁ ብሎ ልኳል። አባዬ ደግሞ አንዴ እሺ ካለ ሞጣ ብትገለበጥ ቃሉን አይመልስም። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። ሸጊትን ሞጣ እንዳታደርሳት። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። ያንተዋ ትርሲት።»

ሸጊት ከእግሩ ሥር ተጋድማ ባርኔጣውን ታኝካለች።

«ሰማሽ?» አላት። «ሞጣ እንዳትመጪ ተብለሻል። ምን አድርገሻት ነው?»

ሸጊት ባርኔጣውን ለቀቀች፣ አየችው፣ መልሳ ነከሰችው። የምታውቀው ነገር ቢኖርም የምትናገር አትመስልም።

የቢቸና ሰው ስለ ሸጊት ከሚያወራው ግማሹ ውሸት ነው፤ ችግሩ የትኛው ግማሽ እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ከመሬት በታች የሚያፈስ ቧንቧ ትሰማለች ይባላል። ይህ እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ የውሃው ፎርማን አቶ መንግስቴ ራሳቸው «መሣሪያውን ተወው፣ ውሻዋን አምጣ» ሲሉ ተሰምተዋል። ጅብ ሊበላት መጥቶ ይቅርታ ጠይቋት ተመለሰ የሚለው ግን ትንሽ ያጠራጥራል። የሱሃ ገደል ነገር ደግሞ አለ። በክረምት ይስማው የቧንቧ መስመር ሲያይ መሬቱ ከእግሩ ሥር ሸሸበትና ገደሉ አፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ ሸጊት ኮቱን ትከሻው ላይ ነክሳ ያዘችው። ይስማው «ሦስት ሰዓት ያዘችኝ» ይላል። አቶ መንግስቴ «አሥር ደቂቃ ነው፣ ገመድ ይዤ የደረስኩት እኔ ነኝ» ይላሉ። ኮቱ ግን ትከሻው ላይ አራት ቀዳዳ አለው፤ ኮት ደግሞ አይዋሽም።

ያገኛት ከውሾች ሆቴል ነው። ሰው እንዲህ የሚለው የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሀብትነሽ ከከተማው ጫፍ፣ ሥራ ባቆመ ወፍጮ ቤት ግቢ ውስጥ ጌታ አልባ ውሾች የምትሰበስብበትን መጠለያ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ይስማው የግቢውን ቧንቧ ሊጠግን ገባና ሃያ ምናምን ውሻ ሲጮኽበት አንዷ ብቻ ዝም ብላ አያት። ቀለሟ ማር፣ አጥንቷ ከውጭ፣ ፊቷ ወደ ሞጣ መንገድ የዞረ። «ከመጣች እህል አልቀመሰችም» አለችው ዶክተሯ። ይስማው ቧንቧውን ጠግኖ ሲወጣ ተከተለችው። በማግሥቱ ከእሱ እጅ ቂጣ በላች። ከዚያ ወዲህ ቾቄ ተራራ ሥር ያለ ምንጭ ሁሉ አብረው ያልረገጡት የለም።

ትርሲትንም ያገናኘችው እሷ ናት። ባለፈው መስከረም ትርሲት አክስቷን ልትጠይቅ ከሞጣ መጥታ ነበር። አክስትየው በር ላይ ቧንቧ ፈንድቶ ይስማው እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ ሸጊት ካለችበት ተፈናጥራ ነጭ የለበሰችውን ልጅ ደረቷ ላይ ወጣችባት። እያለቀሰች መሰለች፤ ዞረቻት፣ ላሰቻት፣ በመጨረሻ እግሯ ላይ ቁጭ አለች። ትርሲትም ጭቃው ላይ ተንበርክካ አንገቷን አቀፈቻት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ይቅርታ፣ እህቴ» አለ ይስማው ደንግጦ። «ጭቃው ይለቃል።»

«ጭቃው አይደለም» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይስማው ለሰማውም ላልሰማውም «ሚስቴን የመረጠችልኝ ውሻዬ ናት» ይላል። ሚስቱ ግን ገና አልነበረችም። ትርሲት የሞጣው ማር ነጋዴ የአቶ ሐብታሙ ብቸኛ ልጅ ናት፤ እሱ በእናት በአባት የሙት ልጅ፣ ቧንቧ ሠራተኛ። ስልክ አባትየው ማር ቤት ውስጥ እየሰሙ አይወራ ነገር፣ ዳታው ደግሞ አንድ ቀን ቢመጣ ሳምንት ይጠፋል። ስለዚህ ደብዳቤው የሚመላለሰው በሚኒባስ ሾፌሩ በፋንታ ነበር፤ ከፀሐይ መከለያው ሥር ይሸጉጠዋል። ፋንታ «አላነበውም» ብሎ ምሏል። መልሱን ግን ከይስማው በፊት ያውቀዋል።

ይስማው ያን ቀን ድንጋዩ ላይ ሆኖ በንዴት ጻፈ፦

«ሸጊት የምታሳፍርሽ ከሆነ እኔም አሳፍርሻለሁ። እሷ የተገኘችው ከወፍጮ ቤት፣ እኔ ከሰው ጓዳ። ሁለታችንም የተጣልን ነን። የማር ቤት ልጅ መሆንሽን ረስቼው ነበር፤ ስላስታወስሽኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። አንድ መስመር ነው። «እንዳታደርሳት ብያለሁ። እወድሃለሁ።»

ሁለቱ ነገሮች እንዴት አንድ መስመር ላይ አብረው እንደተቀመጡ አልገባውም። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፤ እዚያ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ እንደ እሾህ ወጋው።

* * *

ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ለሞጣ ተነሡ። ቄስ ገብረ ኪዳን የይስማው ነፍስ አባት ናቸው፤ ሰይጣን አይፈሩም፣ ውሻ ይፈራሉ። ሐጂ አብዱልዋሂድ ጨው ነጋዴ ናቸው፤ እርቅም ጋብቻም ከያዙ ሳይፈጽሙ እንደማይመለሱ ቢቸና ይመሰክራል። ሦስተኛው አቶ መንግስቴ፣ ፎርማኑ። ይስማው ሸጊትን ወፍጮ ቤት ለዶክተር ሀብትነሽ አስረክቦ፣ በወፍራም ገመድ አስሮ፣ ፊቷን ሳያይ ወጣ። ያላየው ቢያያት እንደማይሄድ ስለሚያውቅ ነው።

«ደህና አደረግህ» አሉ ቄስ ገብረ ኪዳን ሚኒባስ ውስጥ። «ሽማግሌ በውሻ ታጅቦ ሄዶ አያውቅም።»

«መምሬ፣ እርስዎ ከኋላ ወንበር ሥር ሦስት ጊዜ ያዩት ለዚህ ነው እንዴ?» አሉ ሐጂ አብዱልዋሂድ።

«ወንበሩ ይንቋቋል።»

«የሚንቋቋው የእርስዎ ጉልበት ነው።»

ደብረ ወርቅን አለፉ፣ ፈለገ ብርሃንን አለፉ። ይስማው በመስኮት ያያል። ኮቱ ትከሻ ላይ ያሉትን አራት ቀዳዳዎች በጣቱ ይቆጥራል። ሴት ልጅ ወዶ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ሳይሆን የሆነ ነገር ሸጦ የሚመለስ ሰው የሆነ መሰለው።

* * *

ሽማግሌ ለጋብቻ ሲሄድ ጉዳዩን የሚናገረው ቆሞ ነው። መልስ ሳይሰጠው ከተቀመጠ የላኪውን ነገር አብሮ አስቀመጠው ማለት ነው። ጉዳዩ ከተነገረ በኋላ የልጅቷ አባት በአንደበቱ «ተቀመጡ» ካለ ግን አለቀ፤ ልጅቷ ተሰጠች። ላኪው ደግሞ እስከዚያች ቃል ድረስ ግቢውን አይረግጥም። ከረገጠ ነገሩ ተበላሸ። ይህን ቢቸናም ሞጣም ያውቃል።

ስለዚህ ሦስቱ ከአቶ ሐብታሙ በረንዳ ላይ እንደ ምሰሶ ሲቆሙ፣ ይስማውና ፋንታ ከቆርቆሮው አጥር ውጭ ጆሯቸውን ለጥፈው ነበር።

«ልጁ ማን ይባላል? ምንስ ይሠራል?» አሉ አቶ ሐብታሙ።

«ይስማው ይባላል» አሉ አቶ መንግስቴ። «ከእኔ ጋር የውሃ ቧንቧ ነው የሚሠራው።»

«አሃ! ያ ውሻ አስከትሎ ተራራ ለተራራ የሚዞረው? ወሬው እዚህም ደርሷል። ከመሬት በታች ውሃ ትሰማለች የሚሏት?»

«ውሃውን እንጃ» አሉ ሐጂ አብዱልዋሂድ። «ሥጋ ቤት ቢላ ሲሳል ግን ከሦስት ሰፈር ትሰማለች።»

አቶ ሐብታሙ አልሳቁም። «እኔ ሴት ልጄን ከውሻ ጋር ለሚያድር አልሰጥም ብል ትቀየሙኛላችሁ። ግን ውሻ ካነሣን ውሻ ማለት የእኔዋ ወለላ ነበረች። ባለቤቴ አየሁሽ ያረፈች ጊዜ እህል አልቀምስም ብላ፣ በሰባተኛው ቀን በሩ ላይ ሞታ ተገኘች። በተዝካሩ ላይ አልቃሿ ያለችውን ሞጣ ውስጥ የማያውቅ የለም።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ይህን ሲናገሩ የመጀመሪያቸው እንዳልሆነ ያስታውቃል።

«እመቤቷ ብትሄድ እህል አልቀምስ ብላ፣
ከደጁ ላይ ሞተች ታማኟ ወለላ።»

«ይቺንማ እኔም አውቃታለሁ» አለ ፋንታ በሹክሹክታ። «ፈለገ ብርሃን ድረስ ይሏታል።»

ይስማው ግን ፊቱን አዙሯል። ከገበያው መንገድ በኩል፣ የተቆረጠ ገመድ እየጎተተች፣ አቧራ ለብሳ፣ ምላሷ እስከ ጉልበቷ ተንጠልጥሎ፣ ሸጊት ትመጣለች።

እንዴት ሞጣ እንደደረሰች እስከ ዛሬ ያከራክራል። ፋንታ በግ ከጫነ አይሱዙ ላይ ዘላ ነው ይላል። የደብረ ወርቅ ገበያተኞች በእግሯ ስታልፍ አየናት፣ ከቦኖ ውሃ ጠጥታ ተራዋንም ጠብቃለች ይላሉ። ገመዱን ግን በጥርሷ ነው የበላችው፤ ዶክተር ሀብትነሽ ቁራጩን አስቀምጣዋለች።

«ሸጊት!» አለ ይስማው።

ቆም አለች። ጅራቷን አንዴ ወዘወዘችለት፤ «ቆይ፣ ጉዳይ አለኝ» እንደማለት። ከዚያ አለፈችው። በሁለት ዓመት ውስጥ ጠርቷት ስትሄድበት የመጀመሪያዋ ነው። በተከፈተው በር ገባች።

ይስማው አላሰበም። ሮጦ ተከተላት።

በግቢው መሃል ሲደርስ እግሩ የት እንዳለ ተረዳና ደርቆ ቀረ። አቶ መንግስቴ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ቄስ ገብረ ኪዳን ግን ላኪውን አላዩትም፤ ዓይናቸው ወደ በረንዳው በምትወጣው ውሻ ላይ ነበር። «በስመ አብ!» ብለው ከአቶ ሐብታሙ ጀርባ ገቡ።

ሸጊት ማንንም አልነካችም። በሽማግሌዎቹ መሃል አልፋ፣ የማር ሚዛኑ ከቆመበት አግዳሚ ሥር ገባች። እዚያ ባዶ ሲሚንቶ እንጂ ምንም የለም። እሷ ግን አጎዛ የተነጠፈላት ይመስል በአፍንጫዋ አስተካከለች፣ ሦስቴ ዞረች፣ ተኛች።

አቶ ሐብታሙ ግጥሙን ሲሉ ያነሡት እጃቸው አልወረደም።

«ወለላ» አሉ፤ ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም።

የሸጊት ጅራት ሲሚንቶውን ሁለቴ መታው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «መምሬ» አሉ ሐጂ አብዱልዋሂድ ቀስ ብለው፣ «ሞታ የተነሣች ከሆነ ነገሩ የእርስዎ ነው። እኔ ጨው ነጋዴ ነኝ።»

ትርሲት ከጓዳ ወጣች። ሽማግሌ ባለበት ልጅቷ ብቅ አትልም፤ ግን ያን ቀን ደንብ የቀረ አልነበረም። አባቷን አየች፣ ውሻዋን አየች፣ ከዚያ ይስማውን አየችው። የቁጣ አስተያየት አልነበረም። የያዘችው ዕቃ ወድቆ ሲሰበር የምታይ ሰው አስተያየት ነበር።

ደብዳቤው ያኔ ገባው። ሰባቱም ንባብ አንድ ላይ። ያ የመስከረም እንባ ለማን እንደነበር፣ ሸጊት ፊቷን ወደ ሞጣ መንገድ ለምን እንዳዞረች፣ ልጅቱ ስታፍርበት ሳይሆን የአባቷን ነውር ብቻዋን ተሸክማ እንደቆየች። «የማር ቤት ልጅ» ብሎ የጻፈው ትዝ አለውና መሬት ብትውጠው በወደደ።

ይስማው በዕድሜው ብዙ ዋሽቷል። ስለ ጅቡ የዋሸው እሱ ነው፤ ስለ ሦስቱ ሰዓትም። እንደዚያን ቀን ግን ዋሽቶ አያውቅም።

«ጋሽ ሐብታሙ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ባርኔጣውን አውልቆ። «ውሻዋ የእኔ ናት። ሸጊት ነው ስሟ። ከቡችላነቷ ያሳደግኳት ቢቸና ነው። ቀለሟ ማር ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሳሳታል። የእርስዎዋማ ሞታለች፤ ተለቅሶላታል፣ እኛም ሰምተናል።»

«አዎ፣ አዎ» አሉ አቶ መንግስቴ እያሳሉ። «ከቡችላነቷ አውቃታለሁ።»

ቄስ ገብረ ኪዳን ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ቄስ መዋሸት ስለማይችል።

አቶ ሐብታሙ እጃቸውን አወረዱ። ይስማውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ውሸትህን ነው፣ ልጄ» አሉ። «ግን ሸጋ ውሸት ነው። ለእኔ ብሎ የዋሸልኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።»

አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው።

«ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደ። አየሁሽ ለኪዳን ጸሎት ስትሄድ ወለላ በር ድረስ ትሸኛት ነበር፣ ስትመለስ እዚያው ትቀበላት ነበር። ከቀበርናት በኋላም ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። እኔ ደግሞ በመስኮት እሷን እያየሁ አብሬያት እጠብቃለሁ። ይህን ያህል ጎልማሳ፣ ከውሻ ጋር ሆኜ የሞተ ሰው ስጠብቅ! አልቻልኩም። መኪናው ላይ ጫንኳትና ቢቸና መውጫ ላይ አወረድኳት። ዞሬ ስሄድ ቆማ ታየኛለች። አልሮጠችም። ብትሮጥ ኖሮ መኪናውን አቆመው ነበር።» መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ። «ሰው የት ሄደች ሲለኝ ሞተች አልኩ። አልቃሿ ግጥም አደረገችው። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልመልሳት?»

«አባዬ» አለች ትርሲት፣ «እኔ ከመስከረም ጀምሮ አውቄያለሁ።»

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ግጥሙን ስትል ደስ ይልሃል ብዬ።»

ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላለቀሰም። አቶ ሐብታሙ ብቻ አንገታቸውን ደጋግመው ነቀነቁ። ከዚያ ቀና ብለው ሦስቱን ሽማግሌዎች አዲስ እንደመጡ ሰዎች አዩአቸው።

«ምን ቆማችኋል? ተቀመጡ እንጂ።»

ቃሉ ሳያልቅ ሐጂ አብዱልዋሂድ ተቀምጠው ነበር።

«ቀጠሮ የለም? ዘመድ አይመክርም?» አሉ ቄስ ገብረ ኪዳን ማመን አቅቷቸው።

«ሁለት ዓመት የቆየ ቀጠሮ ነው ዛሬ የመጣብኝ። ሌላ አልጨምርም። ትርሲት፣ ብርዝ አምጪ።»

ትርሲት ለመግባት ስትዞር በይስማው አጠገብ አለፈች። «የማር ቤት ልጅ» አለችው፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ። ጉንጩ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ግን ዕድሜ ልኩን ብትሰድበው የሚጠግብ አልመሰለውም።

* * *

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ፋንታ ጥሩምባውን ነፋ። ይስማው አግዳሚው ሥር ተንበርክኮ የሸጊትን ጆሮ አሸ።

«ቤትሽ ይኸው» አላት። «ጋሽ ሐብታሙም ትርሲት ስትወጣ ብቻቸውን ናቸው። ቆዪ።»

ሌላ ማለት ፈልጎ ነበር፤ ስለ ሱሃ፣ ስለ ምንጮቹ። ይልቅ ባርኔጣውን ደፋ። ወጥቶ ሚኒባስ ገባ። ትርሲት በመስኮት የታጠፈ ወረቀት ሰጠችው። አባትየው በር ላይ ቆመው ነበር፣ ሸጊትም ከጎናቸው።

መኪናው ተነቃነቀ። ሸጊት ቆማ ታያለች። አልሮጠችም።

አቶ ሐብታሙ ቁልቁል አዩአት። ያን አቋቋም ያውቁታል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በእንቅልፋቸው አይተውታል።

«ሩጪ!» አሉ። «ሩጪ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ! እሱ ያቆምልሻል!»

ሮጠች። ፈለገ ብርሃን ድረስ አቧራዋ ታየ የሚሉ አሉ፤ እውነቱ ግን ፋንታ ሃምሳ ሜትር ሳይሄድ ፍሬኑን ረግጧል። በሩ ሲከፈት ቄስ ገብረ ኪዳን እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቀሉ፤ ሸጊት በላያቸው አልፋ ይስማው ጭን ላይ ወደቀች።

«ይቺ ትኬት አልቆረጠችም» አለ ፋንታ።

«ለሙሽራ ቤተሰብ አይቆረጥም» አሉ ሐጂ አብዱልዋሂድ።

ይስማው በኋላው መስታወት አየ። አቶ ሐብታሙ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው በጋቢያቸው ጫፍ የሆነ ነገር ይጠርጋሉ። ትርሲት ከጎናቸው እጇን ግማሽ ድረስ አንሥታ ቆማለች፤ ማውለብለብ ጀምራ የረሳችው ይመስላል። ወረቀቱን ገለጠ። አንድ መስመር ነው።

«በጥር ስትመጣ ሸጊትን ይዘሃት ና።»

አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፣ ከበፊተኛው አጠገብ። አልወጋውም። ያቺ ግማሽ የተነሣች እጅ ግን እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ ትከሻው ላይ፣ አራቱ ቀዳዳዎች ካሉበት፣ ያረፈች ያህል ተሰማው።